«እቆያለሁ» ያለው ሰው

ካናዳ፣ ካልጋሪ የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። ስለ ብርዱ ሲያማርር ቆየና «ቲቸር፣ እዚህ አገር እኮ የሆኪ ተጫዋች ጎል ሲያገባ ከሚጨፍሩት በላይ ‹እቆያለሁ› ሲል ነው የሚጨፍሩት» አለኝ። ሳቅኩ። በኋላ ነገሩን ሳገላብጠው ግን ከሥሩ ታሪክ አገኘሁበት። ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ሕጉን እንያዝ። እንደምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ተጫዋቹ ውሉ ላይ ክልከላ ካላስጻፈ በስተቀር ክለቡ ሳያማክረው ለሌላ ክለብ ሊለውጠው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ውሉ ያለቀ ኮከብ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ክለቡ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ሁልጊዜ እንደተፈራሩ ነው።

አሁን ወደ 2022 ክረምት እንሂድ። የካልጋሪ ፍሌምስ ደጋፊ ገና ወጣት ሳለ ጀምሮ ያየው ጆኒ ጎድሮ በዚያ ዓመት 115 ነጥብ አስመዝግቧል። (በሆኪ አንድ ጎልም፣ ለጎል ማቀበልም እኩል አንድ ነጥብ ነው።) ጁላይ 13 ቀን ወደ ኮሎምበስ ሄደ። ክለቡ በምላሹ ምንም አላገኘም። ቁስሉ ሳይደርቅ ማቲው ካቻክ ደግሞ «እኔም የረጅም ጊዜ ውል አልፈርምም» አለ። በአንድ ክረምት ሁለት ኮከብ! ከተማው ሐዘን ተቀመጠ ብትሉ ይቀላል።

ጁላይ 22 ቀን ካቻክ ወደ ፍሎሪዳ ተላከ። በለውጡ ከመጡት መካከል ዋናው ጆናታን ኡበርዶ ነበር። ያለፈው ዓመት ነጥቡ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 115! ልክ እንደ ጎድሮ። ደጋፊው ግን ለመደሰት ፈራ። ለምን? ኡበርዶ የቀረው ውል የአንድ ዓመት ብቻ ነበራ። እሱም ቢሆን መምጣቱን የመረጠው አይደለም፤ አሥር የውድድር ዘመን ካገለገለበት ቤት ነው ነቅለው የላኩት። አንድ ዓመት አኩርፎ ተጫውቶ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

አላኮረፈም። በ13ኛው ቀን፣ ኦገስት 4፣ ለካልጋሪ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት የ8 ዓመት ውል ፈረመ፤ 84 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር። አብሮት የመጣው ተከላካይ ማክኬንዚ ዊገርም በኦክቶበር 8 ዓመት ፈረመ። የከተማው ደስታ ያኔ ነው የመጣው። ገንዘቡ ብዙ ነው፣ አዎ። ግን ሰው ሁሉ ጥሎን ይሄዳል ብሎ ላመነ ደጋፊ ያ ፊርማ ሌላ ትርጉም ነበረው።

ይህ ረሃብ ደግሞ የቆየ ነው። በ1995 የካልጋሪው ኮከብ ጆ ኒውንዳይክ በውል ጉዳይ አልጫወትም ብሎ ነበር። ክለቡ ወደ ዳላስ ለወጠውና ብዙ ሰው የማያውቀውን የ18 ዓመት ልጅ ተቀበለ፤ ጃሮም ኢጊንላ ይባላል። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ «ኢጊንላ» በዮሩባ «ትልቅ ዛፍ» ማለት ነው። ዛፉም ሥር ሰደደ። እስከ 2013 ቆየ፣ አምበል ሆነ፣ 525 ጎል አገባ። እስከ አሁን ድረስ በክለቡ ታሪክ የሚስተካከለው የለም።

ታዲያ ዋንጫስ? እዚህ ላይ ነው ታሪክ ጨካኝ የሚሆነው። ኒውንዳይክ በ1999 ከዳላስ ጋር ዋንጫ በላ። ካቻክ በ2024 እና በ2025 ከፍሎሪዳ ጋር በላ። ኢጊንላ ግን በ2004 ፍጻሜ ደርሶ፣ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፎ፣ ያለ ዋንጫ ጫማውን ሰቀለ። ካልጋሪ ከ1989 ወዲህ ዋንጫ አላየችም።

ኡበርዶስ? በመጀመሪያው ዓመት ከ115 ወደ 55 ነጥብ ወረደ። በሊጉ ታሪክ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው እንዲህ የወረደ የለም ተባለ። በሁለተኛው ዓመት 52። ያጨበጨበለት ሕዝብ ማጉረምረም ጀመረ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው አሠልጣኙ የጠየቀውን የመከላከል ሥራ፣ ማንም የማያጨበጭብለትን ሥራ፣ ተማረ። በ2024–25 28 ጎል አገባ። ቡድኑ ከሴንት ሉዊስ ጋር በ96 ነጥብ እኩል ሆኖ ለጥቂት ከጥሎ ማለፉ ቀረ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ የለ አባቶቻችን? እቆያለሁ ማለት እኮ ሲሸነፉም ተገኝቶ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ኦገስት 29 ቀን 2024 ጆኒ ጎድሮ ከወንድሙ ጋር ብስክሌት ሲነዳ በመኪና ተገጭተው ሁለቱም ሞቱ። በማግሥቱ እህታቸው ልታገባ ነበር። ያ ጥሎን ሄደ ብሎ የተቀየመ የካልጋሪ ሕዝብ በስታዲየሙ ደጃፍ አበባና የሆኪ ዱላ እየደረደረ አለቀሰ። ለካ ቂሙም የፍቅር ነበር። የሚቆይን የሚያከብር ሕዝብ የሄደውንም አልረሳም።

እናንተስ? በመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በሰፈራችሁ፣ ሳይመርጥ መጥቶ ሥር የሰደደ ሰው ታውቃላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። የካልጋሪው ልጄ፣ አንተ ደግሞ ካፖርትህን ደርብ!