ቆርቆሮውን የተሸከሙት

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚገኘው የቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1968 ዓ.ም. ተከፍቶ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመት ሞላው። እዚያው ተምሬ እዚያው ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ የበዓሉ ኮሚቴ ታሪኩን እንድጽፍ አዘዘኝ። አብሮ የተሰጠኝ የርዕሳነ መምህራኑና እዚያ ተምረው ትልቅ ደረጃ የደረሱ ልጆች ስም ዝርዝር ነበር። ሁለቱም ሊነሱ ይገባቸዋል። እኔ ግን የማስቀድመው ፊደል ሳይቆጥሩ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያቆሙትን ገበሬዎች ነው።

ድሮ የመንደራችን ልጅ የሚማረው ከየኔታ ዘንድ ነበር። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል እያለ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ያለው ቤት ይከበር ነበር። ዘመናዊው ትምህርት አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቢጀመርም እኛ ዘንድ ለመድረስ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ገበሬው ግን እስኪደርሰው ሳይከፍል አልቆየም። ከ1940 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ አያቴም ከፍሏል፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን ይበልጡን ከተማ ከተማውን ነበሩ። በኋላ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሠራ ክፍል በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ተቋቁሞ፣ ሕዝቡም የበኩሉን እያዋጣ፣ በየአውራጃው ብዙ ክፍሎች ተሠሩ። የእኛ ቀበሌ አልደረሰውም። በ1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ እንዲያቆሙ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ የሆነው ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት ደግሞ ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት ይበቃዋል የሚል ነበር። የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል ይመለስ ማለት ነው ብሎ ወላጅ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። የእድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎችም በየገጠሩ ገብተው ነበር። ማኅበራችን በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎቹ ከወሰናቸው ነገሮች አንዱ ትምህርት ቤት መሥራት ነው። እንጨቱ ከየጓሮው ባሕር ዛፍ ወጣ። ጭዱ ከየአውድማው መጣ። ወንዶቹ በደቦ ቋሚ ተከሉ፣ ማገሩን በልጥ አሰሩ። ሴቶቹ ከወንዝ ውኃ እየቀዱ ጭቃ አቦኩ፤ ግድግዳውን መርገው ወለሉን በእበት የለቀለቁትም እነሱ ናቸው። እኛ ልጆቹ ጭቃውን በእግራችን እንረግጥ ነበር።

ያስቸገረው ክዳኑ ነው። ቆርቆሮው በመኪና መጥቶ አስፋልቱ ዳር ተራገፈ። ከዚያ እስከ መንደራችን የግማሽ ቀን ዳገት ነው። በአህያ እንዳይጫን ይታጠፋል፣ አህያዋም በቀጭኑ መንገድ አታልፍም። ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን በጠፍር እያሰሩ፣ መሐሉን በእንጨት ደግፈው፣ ሁለት ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ በትከሻው ተሸከመው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር መሬት አስቀምጠው ይቀመጡበታል፤ አለዚያ ሰውን ይዞ ገደል ይገባል። ጠርዙ በአባቴ ትከሻ ላይ የተወው ጠባሳ አባቴ እስኪሞት አልጠፋም።

ሲከፈት ዴስክ የለም፤ የምንቀመጠው ግንድና ድንጋይ ላይ ነው። ሰሌዳው የተጠረበ ሳንቃ ሆኖ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ተወቅጦ ተለቅልቆበት ጠቆረ። ደወላችን ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። የልደት ወረቀት የሚባል ነገር ስላልነበረ ለምዝገባ ቀኝ እጃችንን በአናታችን አሳልፈን ግራ ጆሯችንን እንድንነካ ታዘዝን፤ የነካ ገባ፣ ያልነካ ለከርሞ ተባለ። ከየኔታ ዘንድ ማንበብ ለምደው የመጡት ከፍ ወዳለ ክፍል ተመደቡ። ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ የወጣው የመጀመሪያው መምህራችን ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት እየዞረ፣ እረኛ ሆኖ የቀረውንና ልትዳር የታጨችውን ልጅ ከወላጅ ይለምን ነበር። የዚያን መምህር ውለታ መንደራችን እስከ ዛሬ አልከፈለውም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወርድ እነዚያው ክፍሎች ለአዋቂው ተከፈቱ። ቆርቆሮ ተሸካሚዎቹ ራሳቸው በሠሩት ክፍል፣ ልጆቻቸው በሚቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። አገሪቱ በዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝታበታለች፤ በቤታችን ያተረፈው ደግሞ አባቴ በአውራ ጣቱ መፈረም ማቆሙ ነው። የመጀመሪያ ፊርማው የገበሬ ማኅበር መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ቶሎ አልመለሰም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይታወቃል። ትምህርት ቤቱ ወደ ስምንተኛ ክፍል አደገ፣ የብሎኬት ክፍሎች ተጨመሩ፣ የጭቃው ክፍል የዕቃ ማከማቻ ሆነ። በክልላችን በጦርነት ምክንያት የብዙ ትምህርት ቤት በር በተዘጋበት በዚህ ጊዜ በዓል ማክበር መቻላችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ኮሚቴው የጭቃውን ክፍል አፍርሶ በቦታው የመታሰቢያ ሐውልት ሊያቆም እንዳሰበ ሰምቻለሁ። እለምናችኋለሁ፣ አታፍርሱት። ክዳኑ ይታደስ፣ ግድግዳው እንደገና ይመረግ፣ ለሐውልቱ የተዋጣው ገንዘብ ለዚሁ ይዋል። ከተሸካሚዎቹና ጭቃ ካቦኩት እናቶች ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ፤ የሞቱትም ቢሆኑ ልጆቻቸው አላችሁ። ለበዓሉ ስትመጡ ስማቸውን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ በሩ ላይ እናሰፍረዋለን።