ከዘንቢል እስከ ፌስታል

የዛሬውን ንግግራችንን በሁለት ቃላት እንጀምር። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ዘ-ን-ቢ-ል። ፌ-ስ-ታ-ል። ሁለቱም አራት አራት ፊደል ናቸው። ሁለቱም ዕቃ መያዣ ናቸው። በአዳማ ገበያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ እንዴት እንደወሰደ እንመልከት።

ቀድሞ ሰው ገበያ ሲወጣ መያዣውን ከቤቱ ይዞ ነበር የሚሄደው። እህል የሚሸምት ስልቻ ወይም ጆንያ፣ ሽንኩርት የሚገዛ ዘንቢል ይይዛል። ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ይመጣል። ቅቤ በኮባ ይጠቀለላል። ስኳሩንና ጨውን ባለሱቁ በወረቀት ይጠቀልላል። ኮባው ከተጣለ በኋላ አፈር ይሆናል፤ ፍየል ብትበላውም ምንም አትሆን።

ፌስታል የመጣው ከሩቅ አገር ነው። በስዊድን አገር ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል ሰው የፈለሰፈውን የላስቲክ ከረጢት፣ ሴሎፕላስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 በስሙ አስመዘገበ። የሰውየው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። የወረቀት ከረጢት ለመሥራት ብዙ ዛፍ ስለሚቆረጥ ነው ያንን የሠራው። ልጁ እንደተናገረው ቱሊን ከረጢቱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር፣ ደጋግሞም ይጠቀምበት ነበር። እንግዲህ እሱም እንደ ዘንቢል ነበር ማለት ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ላስቲክ ሁሉ ጠላት ነው የሚላችሁን አትስሙ። እንስራ አዝለው ውሃ የቀዱ እናቶች ነገሩን ያውቁታል። እንስራ ባዶውንም ይከብዳል፤ ከወደቀም ይሰበራል። ጀሪካን መጥቶ ወገባቸውን አሳረፈ። አንድ ጀሪካን ለዓመታት ያገለግላል፤ ሲያረጅም አፉ ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። ፌስታል ግን ሥራው ከገበያ እስከ ቤት ብቻ ነው። ከዚያስ የት ይሄዳል?

ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። አዳማ ኮረብታ የከበባት ከተማ ስለሆነች በክረምት ጎርፍ ይወርድባታል። ቦዩ በፌስታል ከታፈነ ውሃው መንገድ ስለሚያጣ ወደ ቤት ይገባል። ባንግላዴሽ የምትባለው አገርም ቦዮቿ ታፍነው በጎርፍ ስለተቸገረች ነው እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን የከለከለችው። ከተማ ውስጥ የሚውሉ ላምና ፍየልም የምግብ ሽታ ስላለው ፌስታሉን ይበሉታል። ሆዳቸው አይፈጨውም። እየተጠቀለለ ይጠራቀምና ከብቱ እየከሳ ይሞታል።

የቀረው ወንዝ ውስጥ ይገባል። የኛ የስምጥ ሸለቆ ወንዞች ደግሞ ወደ ባሕር አይሄዱም። አዋሽ በቆቃ፣ በወንጂና በመተሐራ አልፎ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የመቂ ወንዝ የባቱ ከተማ ወዳለችበት ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከዝዋይ የቡልቡላ ወንዝ ይወጣና አብያታ ሐይቅ ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም። ስለዚህ መቂ ላይ የተጣለ ፌስታል ወንዙ ቢወስደውም ከአገራችን አይወጣም። ፀሐይ ይሰባብረዋል እንጂ አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከዝዋይ ሐይቅ ተይዘው ከተመረመሩት ዓሣዎች ከመቶው በ35ቱ ሆድ ውስጥ የፕላስቲክ ስብርባሪ ተገኝቷል። ያንን ዓሣ የምንበላው ደግሞ እኛው ነን።

ሕጉስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ የማይበሰብስ ፌስታል የማምረቻም ሆነ የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያ አልጠፋም። በኔ አስተያየት ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በነፃ የሚሰጥን ነገር ማን እንቢ ይላል? በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። አሁን ሻጭም ገዢም ምን ልያዝ እያለ ይጠይቃል።

እናቴ ዘንቢሏን የምትሰቅለው ከበሩ ጀርባ፣ መቀርቀሪያው አጠገብ ነበር። የሚወጣ ሰው ሁሉ ሳያየው አያልፍም። ዘንቢል ዛሬም ይሸጣል፤ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ጠንካራ ቦርሳም አለ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ይህን ሥሩ። በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ቤታችሁ የገባውን ፌስታል ቁጠሩ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከጎኑም እያንዳንዱ ምን ተይዞበት እንደመጣ ጻፉ። ደህና ሰንብቱ።