ጧሪው ተማሪ፦ ከየኔታ ደጅ እስከ ክረምት በጎ ፈቃድ

ዛሬ «ጡረታ» ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ቢሮና ወርኃዊ ክፍያ ነው። የቃሉ ሥር ግን «ጦረ» ነው፤ ያረጀን ሰው አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት። በ1950ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ከመውጣቱ በፊት፣ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጡረታው ልጁ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ልማዱን ወደ አንቀጽ ቀይሮ ልጅ ለተቸገሩ ወላጆቹ ቀለብ እንዲሰጥ አስገደደ። ለገበሬው ግን ዛሬም ከልጁ ሌላ ጡረታ የለውም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃት እስካሁን ያላረጀው ለዚህ ነው።

ልጅ ያልወለደውን ወይም ልጁ የራቀበትንስ ማን ይጦረው ነበር? ከመልሶቹ አንዱ ተማሪ ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረናና በሳይንት፣ ተድባበ ማርያምን በመሳሰሉ የቆዩ አድባራት ዙሪያ የቆሎ ተማሪ ለየኔታ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ዓይናቸው ሲደክም እጃቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ከዚያው ጎን፣ በወሎ ስመ ጥር የቂርአት ቦታዎች፣ ደረሳው ለሼኩ እንጨት ይሰብራል፣ እርሻ ያግዛል፤ ኺድማ ይለዋል። በሁለቱም ዘንድ አገልግሎቱ ከትምህርቱ አይነጠልም። ወጣቱ ጉልበት ይሰጣል፣ ሽማግሌው ዕውቀትና ምርቃት። ደመወዝ የለም፤ ግን ማንም በነጻ አልሠራም።

ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የቆሎ ተማሪ ይራባል፣ ይገረፋል፣ በውሻ ይነከሳል። ከዚህም በላይ ጧሪ የሚያገኘው የሚያስተምር ሰው ነው። ፊደል ያልቆጠሩት፣ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ባልቴት ግን ዕጣቸው ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም የመስጊድ በር ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ተማሪው ከሽማግሌው ደጅ ወጣ፤ አገልግሎቱንም መንግሥት ወሰደው። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ተላኩ፤ ቁጥራቸው 60,000 ያህል ነበር። ፊደል አስቆጠሩ፣ የመሬት አዋጁን አስረዱ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ። በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሽማግሌው ተማሪ፣ ልጁ አስተማሪ ሆነ። ብዙዎች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት ያኔ ነው። ነገር ግን የ1967ቱ ዘመቻ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን የመቀጠል ዕድል ያጣ ነበር። የሽማግሌው ጓዳም ከዘመቻው ዕቅድ ውስጥ አልነበረም።

ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2002፣ ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያን ጀመረ። ከመንገድ ላይ የተነሱ ጥቂት አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይዞ የተነሳው ማዕከል ዛሬ በሺዎች ይጦራል። ተማሪዎች በቡድን እየሄዱ ያጥባሉ፣ ይመግባሉ፤ ልደትንና ምርቃትን ከአረጋውያኑ ጋር ማክበርም ተለመደ። ከ2010 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ አገራዊ የክረምት ሥራ ሆኗል።

ሌላው ዓለምም ወደዚሁ መንገድ መጥቷል። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት አለበት፤ አንዳንዱም ሰዓቱን የሚሞላው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። በኔዘርላንድስ ዴቬንተር ከተማ ያለ መጦሪያ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል በነጻ ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ በወር 30 ሰዓት ከአረጋውያኑ ጋር ያሳልፋሉ። አውሮፓ እንደ አዲስ ግኝት ያወራለት ይህ ውል በመሠረቱ የቆሎ ተማሪው ውል ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ዘላቂነት። የክረምት በጎ ፈቃድ ቆርቆሮ መትቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ መስከረም ሲጠባ ይበተናል። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ግን ውሃ የሚያስፈልጋቸው በየቀኑ ነው። መቄዶንያን የሚያህል ማዕከል በየወረዳው አይቆምም፤ ትምህርት ቤትና ዕድር ግን በየቀበሌው አሉ። ዕድር ማን ያለ ጧሪ እንደቀረ ያውቃል፤ የትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ ሁለት ሁለት ተማሪ ሊመድብ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓመቱን ሙሉ።

ልውውጡም መመለስ አለበት። የ1966ቱንና የ1977ቱን የወሎ ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እየሞቱ ነው። እንሥራ ተሸክሞ የመጣ ልጅ ደብተርም ቢይዝ፣ ከአዛውንቱ የሚሰማው ታሪክ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ተሸካሚም ብቻ፣ ተመጽዋችም ብቻ የሚሆን አይኖርም።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ተማሪ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆችም ከክፍል ውጭ ሆነዋል። ከዚያ በፊትም የወሎ ወጣት ወደ አረብ አገር ይፈልስ ነበር። የተዘጋ ትምህርት ቤት የልጁን ነገ ብቻ አይወስድም። ከጎረቤት ያሉትን አያትም ውሃ የሚቀዳላቸው ያሳጣቸዋል። ስለ አረጋውያን የሚጨነቅ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ደወሉ መቼ እንደሚደወል ነው።