የሕፃናት አንቲባዮቲክ ሽሮፕ፦ ጥንቃቄው እንዴት መጣ

ሕፃን ልጅ ኪኒን መዋጥ አይችልም፤ በቀን ደጋግሞ መወጋትም ያሠቃየዋል። የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ የተሠራው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ዛሬ ፋርማሲስቱ ለእናት የሚነግራት ሁሉ፣ ማለትም ከመስጠት በፊት በደንብ መነቅነቅ፣ በሚሊ ሊትር መለካት፣ ቀኑ ያለፈበትን መጣል፣ በአንድ ጊዜ የተደነገገ አይደለም። አብዛኛው ጥንቃቄ የመጣው ልጆች ከተጎዱ በኋላ ነው፤ ከባድ ጉዳት የደረሰውም ገና በጅምሩ ነበር።

ከፔኒሲሊን በፊት ባክቴሪያን ለማከም በሰፊው ያገለገሉት ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 ከእነዚህ አንዱ ስለሆነው ፕሮንቶሲል የደረሰበትን ካሳተመ በኋላ የዚሁ ወገን የሆነው ሰልፋኒላሚድ በአሜሪካ በኪኒንና በዱቄት መልክ በፍጥነት ተዛመተ። ጉሮሮውን ለታመመ ልጅ ግን የሚጠጣ ነገር ይፈለግ ነበር። ሰልፋኒላሚድ በቀላሉ የሚሟሟ አይደለም። በ1937 በብሪስቶል፣ ቴነሲ የሚገኘው የማሰንጊል ኩባንያ ዋና ኬሚስት ሃሮልድ ዋትኪንስ መድኃኒቱ በዳይኤትሊን ግላይኮል እንደሚሟሟ አገኘ። ፈሳሹ ጣፋጭ ነው፤ የራዝቤሪ ጣዕም ተጨመረበት። ኩባንያው ጣዕሙን፣ መልኩንና ሽታውን መርምሮ 240 ጋሎን፣ ማለትም ከ900 ሊትር በላይ አዘጋጀ፤ በመስከረም ወር ለገበያ አሠራጨው። መርዛማ መሆን አለመሆኑን የፈተሸ አልነበረም፤ ሕጉም ይህን አያስገድድም ነበር።

ዳይኤትሊን ግላይኮል ኩላሊትን ይገድላል። የጠጡት ሰዎች ያስመልሳቸው፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር፤ ከዚያም ሽንታቸው ቀረ። በጥቅምት ወር ከተልሳ፣ ኦክላሆማ የሞት ዜና ሲሰማ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 239 ተቆጣጣሪዎቹንና ኬሚስቶቹን በሙሉ ማለት ይቻላል አሰማርቶ ጠርሙሶቹን ከመድኃኒት ቤት፣ ከሐኪምና ከበሽተኛ ቤት ማስለቀም ያዘ። አብዛኛው ተሰበሰበ። ያልተደረሰበት ጥቂቱ ግን ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከእነዚህ 34ቱ ልጆች ነበሩ። መንግሥት መድኃኒቱን መያዝ የቻለበት ሕጋዊ ምክንያት ራሱ የሚያሳፍር ነው፦ «ኤሊክሲር» ተብሎ የተሸጠው መድኃኒት አልኮል ስላልነበረው ስሙ አሳሳች ነው ተባለ እንጂ መርዝ መሆኑ በራሱ ወንጀል አልነበረም። ይህን ክፍተት የደፈነው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 25 ቀን 1938 የፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጉዳት እንደማያደርስ አምራቹ ማሳየት ግድ ሆነበት።

ፔኒሲሊን ሲመጣ ችግሩ ሌላ ሆነ። የመጀመሪያው ፔኒሲሊን በጨጓራ አሲድ ስለሚበላሽ በየጥቂት ሰዓቱ ይወጋ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኦስትሪያ ኩንድል አሲድን የሚቋቋመው ፔኒሲሊን ቪ መገኘቱ በአፍ ለመስጠት መንገድ ከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሞክሲሲሊን ለገበያ ቀረበ። ይሁን እንጂ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ውኃ ውስጥ ሲቆዩ ይፈርሳሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ የሚሸጠው በደረቅ ዱቄት መልክ ነው። ዱቄቱ እንዳይጓጉል ጠርሙሱ መታ መታ ይደረጋል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ እስከ ምልክቱ ይሞላና ይናጣል። አረፋው ሲበርድ ውኃው ከምልክቱ ዝቅ ካለ ይጨመርበታል። ውኃው ሲበዛ መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። ከተበጠበጠ በኋላ የሚያገለግለው እንደ አምራቹ መመሪያ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። ዱቄቱ ሳይሟሟ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ በመሆኑም ሳይነቀነቅ ከተቀዳ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ሊያንስ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ሊበዛ ይችላል።

የሐኪሞችን አስተሳሰብ ከሁሉ ይልቅ የለወጠው የክሎራምፌኒኮል ታሪክ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የተገኘው ይህ ብርቱ መድኃኒት እጅግ መራራ በመሆኑ ለልጆች ጣዕም በሌለው ፓልሚቴት መልኩ በሽሮፕ ይዘጋጅ ነበር። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናትም ገና ሳይታመሙ፣ ለመከላከያ ተብሎ ይሰጥ ጀመር። በ1959 ከአሜሪካ የወጡ ጥናቶች መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕፃናት የሞቱት ካልወሰዱት ይልቅ እንደሚበዙ አሳዩ። ሆዳቸው ይነፋል፣ ቆዳቸው አመድ ይመስላል፣ ከዚያም ይወድቃሉ። የአራስ ጉበት መድኃኒቱን ሰብሮ ለማስወገድ አልደረሰም ነበርና በደም ውስጥ ይከማቻል። ሕፃን አነስ ያለ አዋቂ አለመሆኑ እንዲህ በከባድ ዋጋ ታወቀ፤ መጠንን በኪሎ ግራምና በዕድሜ ማስላትም ጥብቅ ልማድ እየሆነ መጣ። ቴትራሳይክሊን ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ስለሚያበልዝ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በተለምዶ እንዳይሰጥ ተደረገ።

ማንኪያው ግን ለረጅም ጊዜ ትኩረት አላገኘም። በሐኪም ቋንቋ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በየቤቱ ያለው ማንኪያ ግን አንዱ 3፣ ሌላው 7 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል። በሻይ ማንኪያ ፈንታ በስሕተት የሾርባ ማንኪያ ከተያዘ መጠኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ችግሩን በ1975 ቢያነሳም መጠን በሚሊ ሊትር ብቻ ይጻፍ ያለው በ2015 ነው። መርፌ የሌለው የአፍ ሲሪንጅ ከማንኪያ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ወደ ጉንጭ ጥግ ቀስ እያለ ሲሰጥ ልጁንም በቀላሉ ትን አይለውም።

የ1937ቱ መርዝም ጨርሶ አልጠፋም። በ1990ዎቹ በሄይቲ በፓራሲታሞል፣ በ2022 በጋምቢያ በሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኝቶ በሁለቱም አገሮች በርካታ ልጆች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞቱ።

ከዚህም ሌላ ሽሮፕ ከባድ ነው፤ ጠርሙሱ ይሰበራል፣ ማቀዝቀዣ ይሻል፣ ንጹሕ ውኃ ይጠይቃል። በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን በ2012 ሕይወት አድን ተብለው ከተመረጡት 13 አቅርቦቶች አንዱ ለሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ሲሆን፣ በጥቂት ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት የሚሟሟው 250 ሚሊ ግራም ኪኒን ለሕፃናት ተመራጭ ሆነ። በኢትዮጵያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ጀምሮ የሳንባ ምችን በቀበሌ ደረጃ እንዲያክሙ ሲፈቀድ መጀመሪያ የተሰጣቸው ኮትሪሞክሳዞል ነበር፤ በኋላ በአሞክሲሲሊን ተተካ። እናቲቱ ከጤና ኬላ የምትወስደው ጠርሙስ ሳይሆን እንደ ልጇ ዕድሜ ወይም ክብደት የተቆጠረ ኪኒን ነው፤ የመጀመሪያውንም እዚያው ሠራተኛዋ ፊት አሟሙታ ትሰጣለች።