ለበሰ እና በሰለ

እስቲ “ለ”ን፣ “በ”ን እና “ሰ”ን እናሰልፋቸው። በአንድ ሰልፍ “ለበሰ” ይሆናሉ፤ ቦታ ሲቀያየሩ ደግሞ “በሰለ”። ፊደላቱ ያው ሦስቱ ናቸው፤ ይሁንና ጋቢ የለበሰን ሰው ከበሰለ ሽሮ ጋር የሚያምታታ የለም። እኛ ይሄን ሳናስበው እናውቀዋለን። ኬሚስቶች ግን እዚህ ለመድረስ መጣላት ነበረባቸው። ዛሬ የምናወጋችሁ ያንን ጠብ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1820ዎቹ ነው። ዩስቱስ ሊቢግ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ፓሪስ ውስጥ ከጌይ-ሉሳክ ጋር ሆኖ ሲልቨር ፉልሚኔትን መረመረ፤ ነካ ሲያደርጉት የሚፈነዳ ጉደኛ ነገር ነው። ሌላው ጀርመናዊ ፍሪድሪህ ቮለር ደግሞ ሲልቨር ሲያኔትን መረመረ። ይሄኛው እንደዚያ አይፈነዳም። ቁጥራቸው ግን አንድ ሆኖ አረፈው! በዛሬ አቆጣጠር አንድ ብር (ማዕድኑን ነው፣ የኪሱን አይደለም)፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ናይትሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን።

በዘመኑ እምነት ሁለት ነገሮች ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገሮች በእኩል መጠን ከተሠሩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ሊቢግም ጣቱን ቮለር ላይ ቀሰረ። ሁለቱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ፤ ለጀማሪ ተመራማሪ “ልኬትህ ስህተት ነው” መባል ስም የሚያጠፋ ነገር ነው።

ሊቢግ ግን በክሱ ላይ አልተኛም። ሥራውን ሲደግም የመረመረው ሲያኔት ንጹሕ እንዳልነበረ ደረሰበት። በ1826 የቮለር ልኬት ልክ መሆኑን አመነ። ለካ ሁለቱም ልክ ነበሩ! የተሳሳተው “እኩል ከሆነ አንድ ነው” የሚለው እምነት ነበር።

በ1828 ደግሞ ቮለር አሞኒየም ሲያኔት እሠራለሁ ብሎ ዩሪያ አገኘ፤ ሽንት ውስጥ ያለውን ማለት ነው። አሁንም አቶሞቹ እኩል፣ ነገሩ ሌላ። በ1830 የቮለር መምህር የነበረው ስዊድናዊው ቤርሴሊየስ ለጉዳዩ ከግሪክኛ ስም አወጣለት፦ አይሶመር፣ “እኩል ክፍል” እንደማለት።

ምክንያቱ ጠርቶ የታየው ቆይቶ ነው። በ1861 ሩሲያዊው ቡትሌሮቭ የአንድን ነገር ጠባይ የሚወስነው አቶሞቹ ከማን ጋር እንደተያያዙ ጭምር ነው አለ። ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ውሰዱ። ኦክስጅኑ በካርቦንና በሃይድሮጅን መሃል ከገባ አረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ነው፤ በ78 ዲግሪ ይፈላል። በሁለቱ ካርቦኖች መሃል ከገባ ግን ዳይሜቲል ኢተር የሚባል ጋዝ ነው፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ ነው። የነዚያ የጠበኞቹም ምስጢር ይኸው ነበር፤ በፉልሚኔት መሃል ላይ ያለው ናይትሮጅን ነው፣ በሲያኔት ግን ካርቦን።

እኛ “ፎርሙላቸው አንድ፣ መዋቅራቸው የተለያየ” ብለን ለፈተና ሸምድደን አለፍነው። ከዚያች መስመር ጀርባ “ተሳስቻለሁ” ያለ ወጣት እንዳለ የነገረን አልነበረም። ሊቢግና ቮለር ከዚያ ጠብ በኋላ ወዳጆች ሆኑ፤ አብረውም መረመሩ። ወዳጅነታቸው ሊቢግ በ1873 እስኪሞት ድረስ ዘለቀ።