የሙዚቃ ቴክኖሎጂ፦ በምርጫ ቅጹ ላይ ስሙ የሌለ ሙያ

ስልኩ ላይ ምት እየሠራ ለጓደኞቹ የሚያሰማ የምሥራቅ ጎጃም፣ የብቸና ወይም የሞጣ፣ ተማሪ «ሚዩዚክ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ስያሜ ከውጭ የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ሲቀርብለት ያንኑ ስም ይፈልግና ያጣዋል። እንግዲህ ምን ይምረጥ? ይህን ለመመለስ ስያሜው ምን እንደሚያቅፍ ማወቅ ይቀድማል።

ሚዩዚክ ቴክኖሎጂ ሙዚቃ የሚቀረጽበትን፣ የሚፈጠርበትን፣ የሚተነተንበትንና የሚሰራጭበትን ዘዴ የሚያጠና መስክ ነው። በአማርኛ «የሙዚቃ ቴክኖሎጂ» እንበለው። «የዜማ ቴክኖሎጂ» ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ከዲማ ጊዮርጊስ እስከ ሞጣ ጊዮርጊስ ባለው አገር ዜማ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቤተ ክርስቲያኑ ድጓ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ያንን ክቡር ስም ለስቱዲዮ ዕቃ ማዋስ አያስፈልግም። ሙዚቃም ቴክኖሎጂም አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል። «የድምፅ ምህንድስና» የሚለው ደግሞ ለአንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ይቀመጥ፤ ይህም ቀረጻውን፣ ሚክሲንጉንና ማስተሪንጉን እንዲሁም የአዳራሽ ድምፅን የሚመለከተው ነው። ሰርግ ቤት ሞንታርቦ የሚተክለው ልጅ በዚህ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቆሟል። ኪቦርዱን የሠራው፣ ዘፈን ሲሰማ ስሙን የሚነግረንን መተግበሪያ የጻፈው፣ ማሲንቆን ከክራር እንዲለይ ኮምፒዩተርን የሚያስተምረው ሰው ግን ከሌሎቹ ቅርንጫፎች ነው።

መስኩ ሲጀመርም ከሁለት ወገን፣ ከምህንድስናና ከሙዚቃ፣ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ ማክስ ማቲውስ ኮምፒዩተርን ሙዚቃ የሚያሰማ ፕሮግራም ጻፈ፤ የመጀመሪያው ሥራ 17 ሰከንድ ብቻ ነበር። ማቲውስ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ ቫዮሊን ይጫወታል። ከአሥር ዓመት በኋላ በስታንፎርድ ጆን ቻውኒንግ አዲስ የድምፅ መፍጠሪያ ዘዴ አገኘ፤ ያማሃ ፈቃዱን ወስዶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ ሠራበት። ቻውኒንግ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ፕሮግራም መጻፍን በኋላ ነው የተማረው። ሁለቱም የጎደላቸውን ሄደው ፈለጉ።

በእኛም አገር መንገዱ እንዲሁ የተጠላለፈ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሙዚቃ ዞሮ በለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተማረ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2007 እና 2008፣ በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ተጋብዞ ሲሠራ ከያዛቸው ሐሳቦች አንዱ የአገር ባህል መሣሪያዎችን ማዘመን ሆነ፤ በኤምአይቲም ክራርን ስለማዘመን መከረ። ኤልያስ መልካ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተማረ፤ በገና ስቱዲዮን ከፍቶ የአንድ ትውልድ ዘፈን አቀናበረ፤ በ2019 ከማረፉ በፊት ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ አቋቋመ። ሚካኤል ሰይፉ በኒው ጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ የሙዚቃ ፕሮዳክሽን ተምሮ ተመለሰና የኢትዮጵያን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሐደ።

ይህን ሁሉ ሳይ ለምሥራቅ ጎጃም ተማሪ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ያለ መምህር የማትወጡትን ክፍል ዩኒቨርሲቲ ግቡና ተማሩ፤ በጆሮና በእጅ የሚገኘውን ከአገራችሁ ያዙ። የቅንብር ፕሮግራም አጠቃቀም በግል ጥረት ይገኛል። ለብቻ የሚከብደው ከሥሩ ያለው ሒሳብ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚይዘው በቁጥር ነው፤ በሲዲ ጥራት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካዋል። ለምን ይህን ያህል? የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ አንድን ሞገድ ሳያዛቡ ለመያዝ ደግሞ ከድግግሞሹ እጥፍ በላይ መለካት ግድ ነው። ይህ «ሲግናል ፕሮሰሲንግ» የሚባለው ትምህርት ነው፤ በአማርኛ «የምልክት ትንተና» ቢባል ያስኬዳል። የሚሰጠውም በኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና ክፍል ነው።

ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ የምህንድስናንና የሙዚቃን፣ ሁለቱንም ምርጫ ያገናኛል። ወደ ሰሜን በ1963 የተከፈተው የቀድሞው ፖሊቴክኒክ፣ የዛሬው የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት። መሣሪያ ሳይጫወት ቀኑ የማይመሽለት፣ መድረክና ቅንብር የሚጠራው ልጅ ወደ ያሬድ ይሂድ፤ ኤልያስ የሄደበት መንገድ ነው። ሌላው፣ ይህ ድምፅ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቀው፣ ኤሌክትሪካል ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና ይምረጥ፤ አምስት ዓመት ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስም በአራት ዓመት ያደርሳል፤ ነገር ግን የሞገድን ሒሳብ በራሱ መጨመር ይኖርበታል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ይታወቅ፦ የሚወስነው ቀን ከዩኒቨርሲቲ በፊት ይመጣል። 11ኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ የምህንድስናው በር ይዘጋበታል። የፍሬሽማን ዓመት ካለፈ በኋላም ዲፓርትመንት የሚደርሰው በውጤት ነው፤ ለሙዚቃ ብሎ ሒሳቡን የተወ ልጅ ለሙዚቃ የሚያስፈልገውን ነው የተወው።

አሁን ወደማምንበት ዋና ነገር ልምጣ። ኪቦርድ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ አንዱን ኦክታቭ፣ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍላል፤ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ድግግሞሹ በ1.059 ገደማ እየተባዛ ያድጋል። በ1983 የወጣው ሚዲ፣ ኪቦርድና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ የተቀረጸው በዚሁ ኪቦርድ ልክ ነው። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ግን የተወለዱት ክራር ደርዳሪ በጆሮው ከሚቃኘው ክር፣ የጣት መደብ ከሌለው ማሲንቆ፣ ቀዳዳው ከሠሪ ሠሪ ከሚለያይ ዋሽንት ነው። አንቺሆዬን ከዶ ብናስነሳው ወደ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይጠጋል፤ ይጠጋል እንጂ ልክ አይገጥምም። የሰርግ ኪቦርድ ሲመታ አንዳንድ ሽማግሌ «ቅኝቱ ተበላሸ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ልዩነቱ የሚለካ ነው፤ መለኪያውም «ሴንት» ይባላል፤ አንድ ኦክታቭ 1,200 ሴንት ነው።

በዚህ ላይ የተጀመረ ሥራ አለ። በ2022 ኢትዮጵያውያን ያሉበት፣ በቻይና ሺያን ከተማ የሚሠራ የተመራማሪዎች ቡድን የሰበሰባቸውን 600 ቅጂዎች ይፋ አደረገ፤ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ የአዝማሪ ዘፈንና ዘመናዊ ሙዚቃ አሉበት። በእነዚህም አራቱን ቅኝቶች እንዲለይ ኮምፒዩተርን አስተማሩ። ይህ የጥናት ዘርፍ «ሚዩዚክ ኢንፎርሜሽን ሪትሪቫል» ይባላል፤ «ከሙዚቃ መረጃ ፍለጋ» ልንለው እንችላለን። እንዲህ ያለ ሥራ ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻውን አይወጣውም። ይህ አንቺሆዬ ነው፣ ያ አምባሰል ነው ብሎ የሚመሰክር ጆሮ ያስፈልጋል፤ ጆሮውም ብቸናና ሞጣ ሰርግ ቤት አለ፤ በአብነት ትምህርት ቤትም የዜማ ምልክቱን ከፊደሉ በላይ እየተከተለ ያደገ ልጅ አለ። ድጓ የተማረ ልጅ ወደ ምህንድስና ሲገባ ያለፈውን ትምህርቱን እንደ ኋላ ቀር ነገር መደበቁ ያሳዝነኛል። የምልክት ትንተና የሚያስተምረው ክፍል ውስጥ እንደ እርሱ የተዘጋጀ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ ኤሌክትሪካል ደርሶት አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልግ ልጅ አንድ ሐሳብ ላቀብል። የሞጣን የማሲንቆና የዋሽንት ቅኝት ቅረጹ። ሶኒክ ቪዥዋላይዘር በተባለው ነፃ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ድምፅ ድግግሞሽ ለኩ። በሴንት ቀይሩና ስካላ በሚባለው የቅኝት ፋይል አስቀምጡ፤ ፋይሉን የሚቀበል ማንኛውም ሲንተሳይዘር ከዚያ በኋላ በሞጣ ቅኝት ይጫወታል። የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ደህና ማይክሮፎንና ለመቀረጽ የፈቀዱ አዝማሪዎች ናቸው። ፈቃዳቸው በጽሑፍ ይያዝ፤ ከፈለጉ ስማቸው በፋይሉ ላይ ይጻፍ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው።