ስድስት ፔኒና ስድስት ሽልንግ፦ የራግቢ ትኬት ዋጋ ተመልካች ያበዛል ወይስ ያባርራል?

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 5፣ 1954 ነው፤ ረቡዕ ምሽት። በሰሜን እንግሊዝ ብራድፎርድ ከተማ ወደሚገኘው ኦድሳል ስታዲየም የሚወስዱት መንገዶች በሰውና በመኪና ተጨናንቀዋል። ሃሊፋክስና ዋሪንግተን የተባሉ ሁለት የራግቢ ክለቦች የቻሌንጅ ካፕን ፍጻሜ በድጋሚ ሊጫወቱ ነው። በዚያ ምሽት የተመዘገበው የተመልካች ቁጥር 102,569 ነበር።

ዋሪንግተን 8 ለ 4 አሸነፈ። ግን እዚህ ላይ ልናነሳው የፈለግነው ውጤቱን አይደለም። ከ11 ቀን በፊት እነዚሁ ክለቦች በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም 4 ለ 4 ሲለያዩ የገባው ሰው 81 ሺህ ገደማ ነበር። ዌምብሌይ ዝነኛ ነው፣ ቀኑም ቅዳሜ ነበር። ኦድሳል ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ፣ ያውም በሥራ ቀን ምሽት። ታዲያ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ከየት መጣ?

አቻ መለያየቱ ጉጉቱን እንደጨመረው የታወቀ ነው። ሌላው ትልቅ ምክንያት ግን ዋጋ ነው፤ ዋጋ ስንል በትኬቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ብቻ ማለታችን አይደለም። የሃሊፋክስ ሠራተኛ ለንደን ሄዶ ጨዋታ ለማየት የባቡር ይከፍላል፣ ምግብ ይገዛል፣ ሙሉ ቀኑን ይሠዋል። ወደ ኦድሳል ሲሄድ ግን መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሥራ ወጥቶ በአውቶቡስ ይደርሳል። ከዋሪንግተን ለሚመጣውም ቢሆን ብራድፎርድ ከለንደን በጣም ይቀርባል። እንግዲህ የአንድ ጨዋታ እውነተኛ ዋጋ የመግቢያው፣ የመጓጓዣውና የጊዜው ድምር ነው። የራግቢ ታሪክም በከፊል የዚህ ድምር ታሪክ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እንዴት ተገኘ?

ነገሩን ከሥር ለመረዳት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንመለስ። በ1850 በብሪታንያ የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። እነሱ ሲወጡ ማሽኑም ስለሚቆም ወንዶቹም ቀስ በቀስ ነፃ ወጡ። ይህች ግማሽ ቀን ባትኖር ኖሮ ብዙ ሕዝብ የሚያየው ስፖርት ባልተፈጠረ ነበር ማለት ይቻላል። ትኬት በነፃ ቢሰጥህ እንኳ ፋብሪካ ውስጥ ከሆንክ ምን ይጠቅምሃል?

ሠራተኛው ጊዜ አገኘ፣ ኪሱም ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ነበረው። በዮርክሻየርና በላንካሻየር ከተሞች የራግቢ ሜዳዎች ዙሪያቸው ታጥሮ በር ላይ መግቢያ መከፈል ጀመረ። በእግር ኳሱ በኩል የእንግሊዝ ሊግ በ1890 ዝቅተኛውን መግቢያ 6 ፔኒ አድርጎ ወስኗል። ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በሺዎች ሲባዛ ክለቦቹን ሀብታም ያደርጋል።

ጠቡም የተነሳው እዚሁ ላይ ነው። ተመልካቹ ይከፍላል፣ ክለቡ ይሰበስባል፣ ተጫዋቹ ግን ምንም አያገኝም። ይባስ ብሎ ለጨዋታ ሲል ከማዕድን ጉድጓዱ ወይም ከፋብሪካው ሲቀር ደመወዙ ይቆረጥበታል። የሰሜን ክለቦች በ1893 ለባከነው የሥራ ሰዓት ካሳ ይከፈል ብለው ጠየቁ። በለንደን የነበረው የራግቢ ማኅበር ጥያቄውን በ282 ድምፅ ለ136 ውድቅ አደረገው። ለሀኪሙና ለጠበቃው ያለ ክፍያ መጫወት የክብር ጉዳይ ነው፤ ለከሰል ቆፋሪው ግን የራት ጉዳይ ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜን ክለቦች በሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ባለ 13 ተጫዋቹ ጨዋታ የመጣው ከዚያ ነው፤ ነባሩ ባለ 15 ተጫዋች ደግሞ ራግቢ ዩኒየን ይባላል። የተገነጠሉት ክለቦች ካሳውን በቀን እስከ 6 ሽልንግ ፈቀዱ። እስቲ እናስላው፦ አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ ነው፣ ስለዚህ 6 ሽልንግ 72 ፔኒ ይሆናል። በ6 ፔኒ መግቢያ ሂሳብ፣ አንድ ተጫዋች ያጣውን የቀን ደመወዝ ለመተካት 12 ተመልካቾች ይበቃሉ ማለት ነው።

ርካሽ በር ብቻውን አይበቃም

ግን በር ላይ ዋጋ ዝቅ ማለቱ ብቻ ሜዳ አይሞላም። የብራድፎርዱ ማኒንግሃም ክለብ የአዲሱ ውድድር የመጀመሪያ ሻምፒዮን ነበር፣ በ1896። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ገንዘብ አጥሮት ራግቢን ጭራሽ ተወና ብራድፎርድ ሲቲ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ ሆነ። ያው ሠራተኛ፣ በዚያው ቅዳሜ፣ ያንኑ ሳንቲም ይዞ ሌላ የሚያየው ነገር አግኝቷል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ተተኪ ሸቀጥ የምንለው ይህንን ነው።

የሚገርመው፣ ለተጫዋች መክፈልን ያወገዘው የለንደኑ ማኅበርም ቢሆን የበር ገንዘብ አልጠላም። የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች በ1905 እና በ1906 መጥተው ብዙ ሕዝብ ሲስቡ አየና በ1907 የራሱን ሜዳ ለመሥራት በትዊከናም መሬት ገዛ። ዋጋው 5,572 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ነበር። ራግቢ ዩኒየን ለተጫዋች መክፈልን በይፋ የፈቀደው ግን በኦገስት 1995፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

ዋጋ ሲጨምር ማን ይቀራል?

ዛሬ በትዊከናም ለትልቅ ጨዋታ ጥሩ ወንበር ከ100 ፓውንድ በላይ ይጠይቃል፤ ስታዲየሙ ግን ይሞላል። ታዲያ ዋጋ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው? አይደለም። ኢኮኖሚስቶች «የፍላጎት ተለጣጭነት» የሚሉት ሐሳብ እዚህ ይረዳናል። ለምሳሌ ያህል ትኬቱ 20 ፓውንድ ሲሆን 10 ሺህ ሰው ይገባል እንበል። ዋጋው ወደ 22 ፓውንድ ወጣና 400 ሰው ቀረ። ገቢው ከ200,000 ወደ 211,200 ፓውንድ ከፍ ይላል። ዋጋው በ10 በመቶ ሲጨምር ተመልካቹ የቀነሰው በ4 በመቶ ብቻ ነውና ፍላጎቱ እምብዛም ተለጣጭ አይደለም። በስፖርት ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች ያገኙትም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ነው፦ ደጋፊ ቶሎ ክለቡን አይተውም።

ሂሳቡ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም ክለብ ዋጋ ከመጨመር አይመለስም ነበር። ግን እነዚያ 400 ሰዎች እነማን ናቸው? ብዙ ጊዜ ሦስት ልጆች ይዞ የሚመጣው አባት፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው ናቸው። አብረዋቸው ሻይና ምግብ የሚገዛው ገንዘብ፣ የሜዳው ጩኸትና ገና ያልተፈጠረው ልማድ ይቀራሉ። ጨዋታ የማየት ፍቅር የሚያዘው በልጅነት ነው፤ የዛሬ የዋጋ ጭማሪ የሚያስከትለው ጉዳት የሚታየው ከ20 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

የሴቶች ራግቢ ያሳየን ይህን በተቃራኒው ነው። በ2010 የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በለንደን ሲካሄድ 13,253 ሰው ተመለከተው። በ2025 ውድድሩ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ትኬት ለአዋቂ ከ10፣ ለልጅ ከ5 ፓውንድ ጀምሮ ተሸጠ፤ ጨዋታዎቹም በስምንት ከተሞች ተከፋፈሉ። ራግቢ እምብዛም ባልተለመደባት ሰንደርላንድ የመክፈቻው ጨዋታ 42,723 ሰው ሳበ። በትዊከናም እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ባሸነፈችበት ፍጻሜ ላይ ደግሞ 81,885 ሰው ተገኘ። በርግጥ ይህን ሁሉ ዋጋው ብቻውን አላመጣውም። ቡድኑ ጠንካራ ነበር፣ ለዓመታትም በነፃ ቴሌቪዥን ታይቷል። ነገር ግን አዘጋጆቹ ከ1954ቱ የኦድሳል ምሽት ጋር የሚመሳሰል ነገር አድርገዋል፤ በሩን አርክሰው ሜዳውን ወደ ሰው ሰፈር አቀረቡት።

ስለዚህ «የትኬት ዋጋ ተመልካች ይቀንሳል ወይ?» ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን፦ ከሚጠበቀው ያነሰ ይቀንሳል የሚል ነው። ስታዲየሙ እንደበፊቱ ሞልቶ ይታያል፤ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ግን ተቀይሯል። ይህ ለውጥ በተመልካች ቁጥር ላይ አይታይም፤ ለማወቅ በር ላይ ቆሞ ማን እንደገባና ማን እንደተመለሰ ማየት ይጠይቃል።